ከመንታ ፅንስ መጥፋት በኋላ በማህፀን የቀረ ቅሪት፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂያችን የመጀመሪያ እርግዝና መንታ ነበር። ሁለቱም ፅንሶች በየራሳቸው ከረጢት፣ በየራሳቸው የእንግዴ ልጅ ያደጉ ነበሩ። በ9ኛው ሳምንት ግድም የአንደኛው የልብ ምት መቆሙ ታወቀ፤ በዚያን ዕለት በአልትራሳውንድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፅንሱ ርዝመት 22 ሚሊሜትር ነበር። በ12ኛው ሳምንት ሁለተኛውም ቆመ። ማህፀንን የሚያኮማትረው ሚሶፕሮስቶል የተባለ ክኒን ተሰጥቷቸው በዚያው ሌሊት ከብርቱ ቁርጠት ጋር ብዙ ደምና ሥጋ መሰል ነገር ወጣ፤ በማግስቱ «ጨርሷል» ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አሁን 5 ሳምንት ሆኗቸዋል። ደሙ ጥቂት ቀናት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፤ ካለፉት 3 ቀናት ወዲህ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይታያል፤ በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ አሁንም ፈዘዝ ያለ ሁለተኛ መስመር ያወጣል፤ አዲስ በተነሡት አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ «22 ሚሊሜትር የሚሆን ቅሪት ይታያል» ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ነው፦ «ይህ 22 ሚሊሜትር የመጀመሪያው ልጄ ነው? እስካሁን ውስጤ ቆይቶ ነው? አደጋው ምንድን ነው? ማህፀኔ ቢጠረግስ ዳግም መውለድ እችላለሁ?»

እህቴ፣ ስለ ልጅዎ የጠየቁትን ሳልሸሽ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ሊነሣ የሚገባው ግን በአንድ ሐረግ ያለፉት የሽታው ነገር ነው። ከፅንስ መጥፋት በኋላ የሚፈሰው ደም የራሱ የሆነ የደም ጠረን አለው፤ ያ አያሳስብም። ከሳምንታት በኋላ አዲስ የተጀመረ፣ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ ግን በማህፀን ውስጥ በቀረው ቅሪት ላይ ባክቴሪያ መራባቱን የሚያመለክት ምልክት ስለሆነ፣ ይህን ምላሽ አንብበው እንደጨረሱ፣ ትኩሳት ይኑርዎትም አይኑርዎትም፣ ዛሬውኑ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ወዳለበት ተቋም እንዲሄዱ እጠይቅዎታለሁ። የሰውነት ሙቀትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ የሚል መንቀጥቀጥ ከተሰማዎ፣ የታችኛው ሆድዎ ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ ልብዎ ተቀምጠው ሳሉ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ወይም ራስዎን መሳት ከተቃረቡ የሚሄዱት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በዚህ ደረጃ ኢንፌክሽኑ ከማህፀን አልፎ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላልና በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል።

ብዙ ሴቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ አንቲባዮቲክ ገዝተው መዋጥን ይመርጣሉ፤ ለጥቂት ቀናትም የተሻላቸው ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ ወደ በሽታው ቦታ የሚደርሰው በደም አማካይነት ነው። ሕይወት ባጣው የቅሪቱ ክፍል ደግሞ ደም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ ባክቴሪያው መድኃኒቱ በማይደርስበት ጎሬ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ክኒኑ ሲያልቅ ተመልሶ ይነሣል። ትክክለኛው ሕክምና አንቲባዮቲኩ፣ በአብዛኛው በደም ሥር፣ ያለ መዘግየት ተጀምሮ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቅሪቱ ከማህፀን እንዲወጣ ማድረግ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ወደ 22 ሚሊሜትሩ ልመለስ። ሁለቱ ቁጥሮች መግጠማቸው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል፤ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያነበቡት ቁጥር ከአእምሮዎ ሳይወጣ ያው ቁጥር በሌላ ወረቀት ላይ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ነገር ማሰብ ያዳግታል። ነገር ግን ሁለቱ የተለኩት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከራስ ቅል አናት እስከ መቀመጫ ያለው የፅንሱ ርዝመት ነው። የአሁኑ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንና የረጋ ደም ተቀላቅለው የሠሩት ጉብታ ስፋት ነው። በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ያለ ፅንስ ሰውነቱ በአብዛኛው ውኃ፣ አጥንቱም ገና ያልጠነከረ ስለሆነ፣ የልብ ምቱ ከቆመ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል፤ ከፊሉ በእናቲቱ ሰውነት ይመጠጣል። ያ ልጅ ካረፈ 8 ሳምንት ሆኖታል። ሁለተኛው ደግሞ በ12ኛው ሳምንት ርዝመቱ ወደ 54 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ፣ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ልምድ ያለው መርማሪ ራሱንና የጀርባ አጥንቱን ለይቶ ያየው ነበር። ስለዚህ በማህፀንዎ ውስጥ የቀረው ከልጆችዎ አንዱ የመሆኑ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ የቀረው እነርሱን ይመግብ ከነበረው የእንግዴ ልጅ የተረፈ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ለምን ቀረ? ፅንሱ በሽርት ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ስለሆነ የማህፀን በር ሲከፈት በቀላሉ ይወጣል። የእንግዴ ልጅ ግን ቪላይ የሚባሉ ጥቃቅን ጣት መሰል ቅርንጫፎቹን በማህፀን ግድግዳ ውስጥ የሰደደ ነው፤ ለመውጣት መላቀቅ አለበት። በእርስዎ ሁኔታ ሁለት የእንግዴ ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው ከሌላው 3 ሳምንት ቀድሞ ሥራውን ያቆመ በመሆኑ ሁለቱ እኩል ላይላቀቁ ይችላሉ። በዚያ ሌሊት የሆነው ምናልባት ይህ ነው፦ አንደኛው ከነከረጢቱ ወጣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ቁርጠቱ ጋብ አለ፤ እርስዎም፣ በማግስቱ ያዩዎትም ሰዎች ሁሉም እንደወጣ ቆጠራችሁት። የመንታ እርግዝና ሲጠፋ እንዲህ ያለ ስሕተት ሊያጋጥም ይችላል። በእኔ እምነት መንታ የነበረችን ሴት በአንድ ማለዳ ምርመራ ብቻ «ጨርሷል» ብሎ ማሰናበት አይገባም፤ ቢያንስ በ3ኛው ሳምንት ተመልሳ እንድትታይና የሽንት ምርመራ እንድታደርግ በቀጠሮ ወረቀቷ ላይ ሊጻፍላት ይገባል።

ማህፀን በቫኪዩም፣ ማለትም በመሳቢያ መሣሪያ፣ በሚጠረግበት ክፍል አንድ አነስተኛ ሥራ አለች፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ትፈልጋለች፤ በችኮላም ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። የወጣው ነገር በወንፊት ታጥቦ፣ ንጹሕ ውኃ ባለበት የመስታወት ሳህን ላይ ይደረግና ከሥሩ ብርሃን ይበራበታል። የረጋ ደም ከሆነ ሲነካ ይፈራርሳል። የማህፀን ሽፋን ከሆነ ለስለስ ያለ ሉህ መስሎ ይዘረጋል። የእንግዴ ልጅ ቅርንጫፎች ግን በውኃው ውስጥ እንደ ተፈለቀቀ ነጭ ጥጥ ይፍታታሉ፤ አንድ ጊዜ ያያቸው ሰው ዳግም አይስታቸውም። መንታ በነበረ ጊዜ መፈለግ ያለበት የሁለት ከረጢት ሽፋን ነው። አንድ ብቻ ከተገኘ ሥራው አላለቀም።

ስለ ሽንት ምርመራው «መንታ ስለነበሩ ሆርሞኑ ለመጥፋት ረዥም ጊዜ ይወስዳል» ተብለው ሊሆን ይችላል። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ኤች.ሲ.ጂ. የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን የሚቀንሰው በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ ነው። ከ100,000 ተነሥቶ በቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ከማያየው መጠን፣ ማለትም ከ25 በታች፣ ለመድረስ 12 ጊዜ መገመስ ይበቃዋል። መነሻው እጥፍ ሆኖ 200,000 ቢሆን የሚጨመረው አንድ ግምሻ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱ ግምሻ አንድ ቀን ወይም አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል፤ ወደ መጨረሻው ይዘገያል። መንታ መሆኑ እንግዲህ የሚጨምረው ቀናትን እንጂ ወራትን አይደለም። በ5ኛው ሳምንት ፈዘዝ ያለ መስመር መታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከደሙና ከአልትራሳውንዱ ጋር ሲደመር ግን ገና ሕይወት ያለው የእንግዴ ልጅ ሥጋ መኖሩን ይጠቁማል። የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው፤ መጠኑ በቁጥር ይለካና በሳምንቱ ይደገማል። እየወረደ ከሆነ መልካም ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ከጨመረ ግን ሁለት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። አንደኛው አዲስ እርግዝና ነው፤ ፅንሱ ከጠፋ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ እንቁላል ሊለቀቅ ይችላልና። ሁለተኛው ሞላር እርግዝና፣ ማለትም የእንግዴ ልጁ የወይን ዘለላ በሚመስሉ ውኃ በቋጠሩ ፊኛዎች የሚሞላበት ሁኔታ ነው። በመንታ እርግዝና ውስጥ አንደኛው ጤናማ ፅንስ፣ ሌላኛው ሞላር ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ እምብዛም ባይሆንም አለ፤ ቸል ቢባል ወደ ዕጢ ሊለወጥ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት በሚገባ የሚድን ነው። የወጣው ቅሪት ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በአጉሊ መነጽር ወደሚታይበት ምርመራ፣ መላክ አለበት የምለው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ስለሆነ ነው።

የአልትራሳውንዱን ወረቀት በተመለከተ፣ ቁጥሩ ብቻውን በሽታን አያሳይም። አንዳንድ ተቋማት 15 ሚሊሜትርን እንደ ወሰን ይጠቀማሉ፤ ይሁን እንጂ ከፅንስ መጥፋት በኋላ የረጋ ደምና የተወፈረ ሽፋን በጤናማዋም ሴት ላይ ያን ያህል ሊያሳይ ይችላል። 22 ሚሊሜትር ታይቶባት ደሟ ደርቆ፣ ሽታና ትኩሳት የሌላት ሴት ብትጠይቀኝ የወር አበባዋ እስኪመጣ ጠብቃ ተመልሳ እንድትታይ እመክራት ነበር። ዶፕለር በሚባለው የደም ዝውውር ማሳያ ጉብታው ውስጥ ደም ሲዘዋወር ከታየ የእንግዴ ልጅ ሥጋ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። በአንዳንዶች ላይ ከቅሪቱ ሥር ያለው የማህፀን ጡንቻ በሰፋፊ የደም ሥሮች የተሞላ ሆኖ ይገኛል፤ ይህን ሳያውቁ መጥረግ ብርቱ መድማት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከጠረጋ በፊት ዶፕለር እንዲታይልዎት ይጠይቁ።

መድማቱ ራሱ ሌላው አደጋ ነው። ማህፀን ደሙን የሚያቆመው ጡንቻው ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ሲያንቃቸው ነው፤ በመካከሉ የቀረ ነገር ካለ በሚገባ መኮማተር አይችልም። ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት የሚፈስ ደም ሴቲቱ ሳታውቀው ደም ማነስ ላይ ይጥላታል፤ ድንገት የሚመጣው ደግሞ ሕይወት ያሰጋል። በተከታታይ 2 ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ሰዓት 2 ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም ከፈሰሰ በሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም።

«የሞተ ፅንስ ደምን ይመርዛል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ላስረዳ። በእርግዝና መገባደጃ ላይ ያረፈ ትልቅ ፅንስ ከ4 ሳምንት በላይ በማህፀን ሲቆይ፣ ከእንግዴ ልጁ የሚለቀቁ ንጥረ ነገሮች የእናቲቱን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ሊጨርሱ ይችላሉ፤ ቀድሞ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ከ4 እናቶች በአንዷ ያህል ታይቷል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በጠፋ እርግዝና ግን እጅግ ብርቅ ነው። አንደኛውን ፅንስ አጥተው ሁለተኛውን ተሸክመው ባሳለፏቸው 3 ሳምንታት ውስጥ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ጎድቶት ይሆን ብለው እየተጨነቁ ከሆነም፣ የእንግዴ ልጃቸው የተለያየ መንታዎች የደም ሥር ትስስር የላቸውም፤ የአንደኛው ማረፍ በሌላው ላይ የደም ግፊት መውደቅ የሚያስከትለው አንድ የእንግዴ ልጅ በሚጋሩት ላይ ነው። እርስዎ በማድረግ ወይም ባለማድረግ ያመጡት ነገር የለም።

ፅንሳቸው ከ3 ወር በኋላ የጠፋባቸው ሴቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በዚያ ዕድሜ አጥንት መጠንከር ስለጀመረ፣ አልፎ አልፎ ጥቃቅን የአጥንት ስባሪዎች በማህፀን ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ትኩሳትም ሽታም ላያመጡ ይችላሉ። ነገር ግን በማህፀን ውስጥ እንደሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ ሉፕ ሆነው አዲስ ፅንስ እንዳይጣበቅ ይከለክላሉ፤ ሴቲቱም ለዓመታት «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» ሲባልላት ትኖራለች። በአልትራሳውንድ እንደ ነጭ መስመር ይታያሉ፤ ወደ ማህፀን በሚገባ ቀጭን ካሜራ እየታዩ ሲወጡ ብዙዎች ያረግዛሉ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ቅሪት ላለባት ሴት ሦስት መንገዶች አሉ፤ መጠበቅ፣ ሚሶፕሮስቶልን መድገም፣ ወይም በመሣሪያ ማውጣት። ለእርስዎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች በኢንፌክሽኑ ምልክት ምክንያት ተዘግተዋል፤ ከ5 ሳምንት በኋላ የጠነከረና የተጣበቀ ቅሪት ለክኒኑ የሚሰጠው ምላሽም ደካማ ነው። የሚቀረው ማውጣት ነው። እንዴት እንደሚወጣ ግን መጠየቅ መብትዎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በስለታም ብረት መፋቅን አይመክርም፤ የሚመክረው በቫኪዩም መሳብን ነው፤ በእጅ በሚሠራ፣ ስሪንጅ በሚመስል መሣሪያ፣ በማህፀን በር አካባቢ ብቻ በሚሰጥ ማደንዘዣ ሊሠራ ይችላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ያልቃል። ኢንፌክሽን የያዘው ማህፀን ግድግዳው ስለሚለሰልስ የመበሳት አደጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ ቢሠራው እመርጣለሁ። ሂስትሮስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ እያዩ ቅሪቱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት፣ ለማህፀን ሽፋን ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ኢንፌክሽን በበረታበት ወቅት አይመረጥም። አሁን ተጠርጎ ጥቂት ቅሪት ቢተርፍ ግን ሁለተኛ ጊዜ በጭፍን ከመጥረግ ይልቅ ካሜራው እንዲደረግልዎት ይጠይቁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የመጨረሻውን ጥያቄዎን ስለሚነካ ነው። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ የሚታደሰው ከሥሩ ካለው መሠረታዊ ንጣፍ ነው። ያ ንጣፍ ሲፋቅ የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ቆስለው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሁኔታው የአሸርማን ሕመም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1948 በዝርዝር ከገለጸው ሐኪም ነው። ከፅንስ መጥፋት በኋላ ማህፀናቸው በካሜራ በታዩ ሴቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ5 በአንዷ ያህል መጣበቅ ተገኝቷል፤ ከግማሽ በላዩ ግን ቀላል ነው። አደጋው የሚጨምረው ጠረጋው በተደጋገመ ቁጥር ነው። ኢንፌክሽኑ ሳይታከም መቆየቱም እንቁላል የሚያልፍባቸውን የማህፀን ቱቦዎች ጠባሳ ሊያደርግባቸው ይችላል። እንግዲህ ልጅ መውለድዎን የሚያሰጋው በጥንቃቄ የሚደረግ አንድ ጠረጋ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። በወቅቱ የታከሙ አብዛኞቹ ሴቶች ዳግም ያረግዛሉ።

ከመግባትዎ በፊት የደም ዓይነትዎን ያረጋግጡ። አርኤች ኔጌቲቭ ከሆኑ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ በ12ኛው ሳምንት ተሰጥቶዎት እንደነበር ይጠይቁ፤ ከጠረጋው በኋላም እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎ ይወስናል። የወር አበባዎ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም በየወሩ ቁርጠቱ እየመጣ ደሙ ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ መጣበቅ እንዳለ ለማየት ተመልሰው ይታዩ። ከዚያ በፊት ለሚቀጥለው እርግዝና አይቸኩሉ።

ከማህፀንዎ የሚወጣውን ለመሰናበት ወይም ለማሳረፍ የሚፈልጉ ከሆነ ይህን ጠረጋው ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ፤ ከወጣ በኋላ ወዲያው በፎርማሊን ገብቶ ወደ ላቦራቶሪ ስለሚሄድ መመለሱ ያስቸግራል። ወደ ፓቶሎጂ እንዲላክም በግልጽ ይጠይቁ፤ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የመንታ እርግዝና» የሚለው ቃል መጻፉንም ይመልከቱ፤ መርማሪው ምን መፈለግ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነውና። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። በማህፀንዎ ውስጥ የቀረው የእንግዴ ልጅ ብቻ እንደነበር ወይም ከፅንሱ አካል የተገኘ ነገር እንዳለ በውስጡ ይጻፋል፤ የመጀመሪያ ጥያቄዎን በእርግጠኝነት የሚመልሰው ይህ ወረቀት ስለሆነ ራስዎ ሄደው ይውሰዱት፤ ከሐኪሙም ጋር ተቀምጠው ያንብቡት።